ያልደረሰ ስለት ይዤ ላስታ ወጣሁ

እናቴ የተሳለችው እንዲህ ብላ ነው፤ «ልጄ አንድ ነገር ላይ ከረጋችልኝ፣ ክርስትና ለተነሣሁበት ሚካኤል ጥላ አስገባለሁ።» ሚካኤሉ ያለው ላስታ፣ ከብልባላ ሁለት ሰዓት በእግር ተሂዶ ነው። እኛ ያለነው አዳማ ነው። ከተሳለች አምስት ዓመት አለፈ፣ እኔም አልረጋሁ። ዘንድሮ ጉልበቷ ሲከዳት፣ መንገዱም ሰላም ሆኗል ሲባል ጊዜ፣ ትዕግሥቷ አለቀና ጥላውን ገዝታ አልጋዬ ላይ አጋደመችው። ቀይ ከፋይ ነው፤ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ወርዶበታል፤ ዘንጉ ከኔ ቁመት ትንሽ ነው የሚያንሰው።

«እማዬ፣ ስለት እኮ ሲደርስ ነው የሚገባው» ብላት፣ «አንቺን ስጠብቅ ልሞት ነው። ይግባለትና እሱ ይጨነቅበት» አለችኝ። ለመልአኩ ቀብድ መስጠቷ ነው።

እውነቷን ነው፣ የምረጋ ሰው አልነበርኩም። ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። አንድ የዱቄት ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ውስጥ እሠራ ነበር። ልብስ ስፌት ተምሬ መኪናውን ለጎረቤት ሰጥቻለሁ፤ መንጃ ፈቃድ አውጥቼ አንድ ቀን አልነዳሁም፤ ዶሮ ማርባት ጀምሬ ዶሮዎቹን በፋሲካ በልተናቸዋል። የሚያውቁኝ «ሁለገብ» ይሉኛል። በጥቅምት መጨረሻ ደግሞ ሦስት በር ባንድ ሳምንት ተከፈተልኝ። ፋብሪካው አዲስ አበባ በሚከፍተው ቅርንጫፍ የጥራት ኃላፊ ሁኚ አለኝ። ባሕር ዳር ለሁለተኛ ዲግሪ ያመለከትኩት ተቀባይነት አገኘ። በሰው ምድጃ ላይ አሥር ዓመት ዳቦ የጋገረችው ጓደኛዬ ሰናይት ደግሞ፣ ገበያ አጠገብ ቤት አግኝቻለሁ፣ አብረን ዳቦ ቤት እንክፈት አለችኝ። ሦስቱም መልሴን የሚፈልጉት እስከ ሰኞ ነው። ማታ የመረጥኩትን ጠዋት እጠላዋለሁ፤ አንዱን ልይዝ ስል ሁለቱ የሞቱብኝ ይመስለኛል። እንግዲህ ለኅዳር ሚካኤል ጥላውን ይዤ የወጣሁት በዚህ መሐል ነው።

ማክሰኞ። አዲስ አበባ አድሬ ጎሕ ሲቀድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ጥላውን ጣራ ላይ ልሰር ሲል ተሳፋሪው በሙሉ ተነሣበት። «የቤተ ክርስቲያን ጥላ ከፍየል ጋር ጣራ ላይ!» ተባለ፤ ጣራው ላይ ግን ፍየል አልነበረም። ኮምቦልቻ የሚወርዱ አንድ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀምጠው ነበርና ዘንጉን በጭናቸው ላይ አሳለፉት። «አብሽሪ ልጄ፣ የአላህ ቤት ዕቃ አይከብድም» አሉኝ። ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ የአዳማን ሲያስታውሰኝ ደስ አለኝ፤ ከዚያ ወዲያ አገሬን የሚመስል አየር አላገኘሁም። ሽማግሌው ሊወርዱ ሲሉ፣ «ለመሆኑ ምን ተደርጎልሽ ነው?» አሉኝ። «የእናቴ ነው» ብዬ አለፍኩት። አዳማ ውስጥ ያን ጥላ ተሸክሜ ግማሽ ከተማ ስዞር የጠየቀኝ አልነበረም። ደሴ ስደርስ ብርድ ልብስ አስጨምሬ ተኛሁ።

ረቡዕ። ወልዲያ ላይ ሚኒባስ ቀየርኩ። ሚኒባሱ ፍላቂት የሚሄድ ነው፤ ረዳቱ ግን «ጋሸና እናወርድሻለን፣ ከዚያ የላሊበላ መኪና ሞልቷል» አለኝ። ለማታውቁት፣ ጋሸና ላይ መንገዱ ሦስት ይሆናል፤ ወደ ቀኝ ላሊበላ፣ ወደ ግራ ወገል ጤና፣ ፊት ለፊት ፍላቂት። እኔ ዳገቱ ሲጀምር እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ መኪናው ቆሟል፣ ሰው ይወርዳል፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። «ጋሸና ነው?» ብል ረዳቱ ራሱን ይዞ ቀረ። ፍላቂት ነበር። መንገድ ሦስት በሚሆንበት ቦታ ተኝቼ ማለፌን እናቴ ብትሰማ አትገረምም።

የሚመለስ መኪና አልነበረም፣ አልጋ ቤቱም ሞልቷል። ከኋላዬ ተቀምጣ የመጣች አስካለ የምትባል ገብስ ነጋዴ እጄን ይዛ ወደ ቤቷ ወሰደችኝ። «እታለም፣ ስትተኚ አይቼ ደክሟት ነው ብዬ ተውኩሽ። የኔም ጥፋት አለበት» አለች። እግሬን በሞቀ ውሃ አስነክራ፣ በገብስ እንጀራ ሽሮ አቀረበችልኝ። የገብስ እንጀራ ከኛ ጤፍ ወፈር ይላል፣ ሲጎርሱት ግን ሆድ ላይ የሚቀመጥ ነገር ነው። ከዚያ ዓይኗ ጥላው ላይ ዐረፈ።

«እናትሽ ምን ደረሰላት?»

«ገና ነው።»

«ገና?» ጉርሻዋን መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው። «ታዲያ ምን ብለሽ ልታስገቢው ነው?» ከዚያ ሳቀች፤ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ሳቀች። ከሳቋ ስትመለስ ግን አዘነችልኝ መሰለኝ፣ የራሷን ባና ደርባልኝ እሷ በጋቢ ተኛች። ባና ከበግ ጠጉር የሚሠራ የደጋ ብርድ ልብስ ነው፤ ይከብዳል፣ ይኮሰኩሳል፣ ያሞቃል። ጠዋት ሂሳብ ብላት ተቆጣችኝ።

ሐሙስ። ወደ ጋሸና ተመልሼ የላሊበላውን መኪና ያዝኩ። በዚህኛው ጉዞ ዓይኔን አልከደንኩም። መንገዱ ወርዶ ወርዶ ይወጣል፤ በየማሳው አጫጅ ጎንበስ ብሏል። አዳማ ላይ ዕቃ ለመግዛት የምንዞረውን ያህል እነዚህ ሰዎች ለአንድ ማሳ ዳገት ይወጣሉ። ላሊበላ ያረፍኩበት ቤት የዚያን ቀን እንግዳው እኔ ብቻ ነበርኩ። ውሃ ተቋርጦ ስለነበር ባለቤቱ በባልዲ ውሃ አሙቆ በራፌ ላይ አስቀመጠልኝ፤ ይቅርታ የጠየቀኝን ያህል ደግሞ ማንም ይቅርታ ጠይቆኝ አያውቅም።

ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ ሌሎች ብዙ ጽፈዋል፤ እኔ ከላይ ሆኜ ወደ ታች ሳይ የአፋፉን ድንጋይ አጥብቄ መያዜን ብቻ ልናገር። ልሳለም ስወርድ አንድ ዲያቆን ጥላውን አይቶ ደስ ብሎት መጣ። «ወደኛ ነው?» አለኝ። ወደ ብልባላ ነው አልኩት። «እሰይ፣ ይሁን። ምን ደረሰልሽ?» አለ። በሦስት ቀን ሦስተኛ ጊዜዬ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ጥላውን በነጠላዬ ጠቅልዬ ሄድኩ፤ የተጠቀለለ ጥላ ግን ከተገለጠው ይልቅ ሰውን ያስጠይቃል።

ዓርብ። ብልባላ ስደርስ አያ ሙላት የሚባሉ የአጎቴ ጎረቤት አህያ ይዘው እየጠበቁኝ ነበር። አጎቴ ቄስ ተገኘ የእናቴ የፋንታዬ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ያንኑ ሚካኤል ያገለግላሉ። አያ ሙላት ጥላውን አህያዋ ላይ በገመድ አሰሩት። አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድን ከገደሉ አፋፍ ነፋስ መጣ፤ ገመዱ ላላ፣ ጥላው በአህያዋ ጀርባ ላይ ብርግድ ብሎ ተከፈተ። አህያዋ ደነበረች። ቀይ ጥላዋን ዘርግታ ቁልቁል ስትበር፣ ከታች ማሳ ያሉት አጫጆች ታቦት የመጣ መስሏቸው ማጭዳቸውን ጥለው ተሳለሙ። አንዲት ሴት እልል አለች። አያ ሙላት እየሮጡ «ኧረ አህያ ናት! ኧረ አህያ ናት!» ይላሉ። አጫጆቹ ነገሩ ሲገባቸው ተከትለው ያዙልን፤ እየሳቁም ጠላ አጠጡን። ጥላው ከዘርፉ ጥቂት ክር ከመበጠሱ በቀር ደኅና ነበር። በነሱ ፊት ግን ማን እንደሆንኩና ምን እንደደረሰልኝ መናገር ነበረብኝ፤ እኔም የጠላውን ዋንጫ ፊቴ ላይ አድርጌ ቆየሁ።

አጎቴ መስቀላቸውን አሳልመው፣ ጥላውን አይተው ፊታቸው በራ። «እሰይ! እኅቴ ምን ደረሰላት?» አሉ። ለቄስ አይዋሽም፣ እንዳለ ነገርኳቸው። ሦስቱን በር፣ ሰኞን፣ የእናቴን ቀብድ፣ ሁሉንም። ሰምተው ሲጨርሱ መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

«ልጄ፣ የደረሰ ሲሆን ስለት ነው። ሳይደርስ ኸሰጠሽው ጉቦ ነው።»

«ታዲያ ስለት አይበሉት፣ አባ። መባ ብለው ይቀበሉኝ።»

«እናትሽ ስለት ብላለች። ያንደበቷን ቃል እኔ በምን ሥልጣን እለውጠዋለሁ? ቤት ይደር። ኸነጋ በኋላ እናያለን።»

ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ የተሸከምኩትን ይዤ ልመለስ ነው ማለት ነው። አፈርኩም፣ ተናደድኩም። እጄ ሥራ እንዲይዝ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። የአጎቴ ባለቤት እትዬ ደብሬ ለበዓሉ እንግዳ የሚሆን ድፎ ለማቡካት ዱቄት እየነፉ ነበር። «እኔ ላቡካው፣ የዱቄት ሰው ነኝ» አልኳቸው። እሳቸውም እንግዳ ላለማሳዘን ለቀቁልኝ።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ስሕተት አዳማ ያደገ ሰው ብቻ ነው የሚሠራው። በኛ አገር እርሾ የሚጨመረው በጥንቃቄ ነው፤ ሙቀቱ ስለሚያቻኩለው ሊጡ ዞር ብለሽ ስትመለሺ ቡሃቃውን ሞልቶ ይጠብቅሻል። እኔም በዚያው ልማድ ጥቂት እርሾ ጨምሬ፣ በቀዝቃዛ ውሃ አቡክቼ ከደንኩት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ገልጬ ባየው እንዳስቀመጥኩት ተቀምጧል። በጣቴ ብጫነው ጣቴ ያረፈበት እንደ ጭቃ ጎድጉዶ ቀረ። ለአንድ ደብር እንግዳ የሚሆን ሊጥ ገደልኩ። ጉንጬ ጋለ፤ «ሁለገብ» የሚለው ስም በጆሮዬ ጮኸ።

እትዬ ደብሬ አልተቆጡም። ሊጡን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «አልሞተም፣ በርዶት ነው» አሉ። ያላቸውን እርሾ በሞቀ ውሃ በጥብጠው ጨመሩና፣ «በይ ያዥ፣ ኸበጎቹ ዘንድ እናስገባው» አሉኝ። ቡሃቃውን በሁለት ጆንያ ጠቅልለን በጎቹ የሚያድሩበት ጋጥ ውስጥ፣ ከግንቡ ሥር አስቀመጥነውና ዙሪያውን በድንጋይ ከለልነው። በጎቹ ገብተው ድንጋዩን ተደግፈው ተኙ። እኔ የፋብሪካ ማሞቂያ በዲግሪ ስለካ የኖርኩ ሰው፣ ሊጥ በበግ ትንፋሽ ሲሞቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር ሚካኤል። ሲነጋጋ እየሮጥኩ ሄጄ ጆንያውን ገለጥኩት። ሊጡ ክዳኑን ገፍቶ፣ ጉልላት ሠርቶ ተነፋፍቷል፤ ሽታው ከበጎቹ ሽታ በላይ ቤቱን ሞልቶታል። ደስ አለኝ። ሰው ለሊጥ ያለቅሳል ወይ ትሉኝ ይሆናል፤ እኔ አለቀስኩ። በፋብሪካው ስድስት ዓመት ዱቄት መርምሬ ፈርሜያለሁ፤ ከረጢቱ ተሰፍቶ ይሄዳል፣ ማን እንደበላው አላውቅም። ያን ጠዋት ከሴቶቹ ጋር ከላይም ከታችም እሳት አድርገን ጋገርን። የመጀመሪያው ድፎ ሲወጣ እትዬ ደብሬ በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው፣ ድምፁን ሰምተው፣ «ደርሷል» አሉ።

አዳማ ኅዳር ሚካኤል ማለት ጢስ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ሲያቃጥል ዓይናችን ሲያለቅስ ይውላል። እዚያ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ጥላውን ቤት ልተወው ስል እትዬ ደብሬ፣ «ብቻውን ኸሚቀር ይዘሽው ቁሚ፣ በዓሉን ይይ» ብለው አስያዙኝ። ታቦቱ ዑደቱን ጨርሶ ሲቆም ስለት ያላቸው ተሰለፉ። ቄሰ ገበዙ፣ ስለቱን ለሕዝብ የሚያሳውቁት ሽማግሌ፣ እኔን ከነጥላዬ ሲያዩኝ ሌላ ምን ይመስላቸዋል? «ነይ እንጂ እታለም፣ ምን ያሳፍርሻል» ብለው ጎትተው ከሰልፉ አስገቡኝ።

ከፊቴ የነበረው ሰውዬ የጠፋው በሬ ተገኝቶለት ጧፍ አምጥቷል። ከሱ ፊት የነበረችው ሴት ደግሞ ልጅ ወልዳ መጋረጃ ይዛለች። እያንዳንዳቸው አንዲት ነገር ይናገራሉ፣ ሕዝቡ እልል ይላል። አንድም ሰው «ወይ ይህ፣ ወይ ያ» አላለም። ልሸሽ ዞር ስል ከኋላዬ ሕዝብ ነው። ድምፅ ማጉያው አፌ ላይ ተደቀነ።

«ምን ተደረገልሽ?»

እጄ እርሾ እርሾ ይሸታል። አእምሮዬ ውስጥ ሦስቱም በሮች ተደርድረው ቆሙ፤ አፌ ግን እኔን አልጠበቀም።

«ዳቦ ቤት» አልኩ። የምቀጥል መስሎኝ ነበር። ቄሰ ገበዙ አላስቀጠሉኝም።

«የፋንታዬ ልጅ ናት! ኸአዳማ ድረስ መጥታ! ዳቦ ቤት ተከፍቶላት ጥላ አስገብታለች፣ እልል በሉ!»

ያ ሁሉ ሕዝብ እልል አለ። ጥላው ከእጄ ተወስዶ እዚያው ተዘረጋ። ለኔ እንዲያ እልል ተብሎልኝ አያውቅም። ውሸት መሆኑን እያወቅኩ፣ ደረቴ ላይ ለዓመታት ተቀምጦ የኖረ ነገር ብድግ ብሎ ሲሄድ ታወቀኝ። ሴቶቹ እየሳሙ «እጅሽን ይባርከው» ይሉኛል፤ አንዲት እናት «ድፎም ትጋግሪ፣ ወይስ የከተማውን ትንንሽ ብቻ ነው?» ሲሉኝ፣ «ድፎም አለ» ብዬ መለስኩ። አጎቴ ግን ከካህናቱ መሐል ሆነው ያዩኝ አስተያየት አልጠፋኝም። ታቦቱ ከገባ በኋላ በዕቃ ቤቱ ጓሮ ጠሩኝ።

«መቼ ነው የተከፈተ?»

«አልተከፈተም፣ አባ።»

«ታቦት ቆሞ ዋሸሽ?»

«እኔ ዳቦ ቤት ብቻ ነው ያልኩት። ተከፈተ ያሉት ቄሰ ገበዙ ናቸው።»

ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ሳቅ ይሁን ቁጣ አለየልኝም። «እሳቸው በዚህ ዕድሜያቸው ኸታቦት ፊት ሐሰት ተናግረው አያውቁም። አንቺ ነሽ አሁን ሐሰተኛ የምታደርጊያቸው?»

«ምን ላድርግ?»

«ቀኖናሽ ይኼው ነው፤ ክፈቺው።»

«ሌሎቹስ ሁለቱ?»

«በሌሎቹ ላይ እልል አልተባለም» አሉና መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉ።

ስልክ የሚይዘው ከመንደሩ በላይ ያለ አንድ ጉብታ ላይ ነው። ወጥቼ መጀመሪያ ሰናይት ዘንድ ደወልኩ። «ሰኞ የቤቱን ቁልፍ ተቀበይ» አልኳት። «ጠላ ጠጥተሻል?» አለችኝ። ጠጥቻለሁ፣ ግን ትላንት ነው አልኳት። ከዚያ ማልቀስ ስትጀምር ኔትዎርኩ ተቆረጠ። ለፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ በመልእክት አመስግኜ አይሆንም አልኩ፤ ይህ አልከበደኝም። የባሕር ዳሩ ከበደኝ። ያቺ ሐይቅ ዳር መጽሐፍ ይዛ የምትቀመጥ ሴት ለምን ያህል ጊዜ በሐሳቤ እንደኖረች የማውቀው እኔ ነኝ። ስልኬን እንደያዝኩ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩላት። ከዚያ አፍንጫዬን ጠርጌ ላኩት፤ ስወርድ ርቦኝ ነበር። እንደዚያን ቀን አድርጌ ምግብ በልቼ አላውቅም፤ ሌሊቱንም ሳልገላበጥ አነጋሁ።

የመልሱ መንገድ ሦስት ቀን ፈጀ፤ እጄ ባዶ ስለነበር የጠየቀኝ የለም። እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ተቀበሉሽ?» አለች። «እልል ብለው» አልኳት። ምን ብዬ እንዳስገባሁ ስነግራት «ዳቦ?» ብላ ትንሽ ቅር አላት፤ የባንክ ልጅ ትመኝ ነበር። ቆይታ ግን «ይሁን፣ ብቻ እርጊ» አለችኝ።

ቤቱ የተከፈተው በጥር ነው። የመጀመሪያው ቀን ሊጥ እንደ አዳማ ሊጥ ቸኩሎ ገንፍሎ ወለሉን አለበሰው፤ ከሰናይት ጋር እየሳቅን ጠረግን። ግፊያው ረገብ ሲል አጎቴ ዘንድ ደወልኩ፤ እዚያ ጉብታ ላይ ወጥተው ኖሮ ተገኙ።

«አባ፣ ዛሬ ተከፈተ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ምኑ ነው የተከፈተ?»

«ዳቦ ቤቱ ነዋ!»

«እሱማ በኅዳር ሚካኤል ተከፍቷል» አሉኝ። «ዛሬ አንቺ ገባሽበት እንጂ።»